የባሂራ አፍና የሰልሚያ ሕመም

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፣ በመልክም ይቀናል። ሰልሚያ ግን የቀናችው በቁስል ነው።

ባሂራ ቡታጅራ ሆስፒታል ተኝታ፣ የሐሞት ጠጠሯን በቀዶ ሕክምና አስወጥታ ወደ እንሴኖ የተመለሰች ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ተጨናንቆ ነበር። ባሂራ ትራስ ተደግፋ እንዴት እንደታከመች ታወራለች፤ ሴቶቹ አልጋዋን ከበው ይሰማሉ። ሰልሚያ አጥሚት በቴርሞስ ይዛ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። በሻሿ ጫፍ ከልላ ቀኝ ጎኗን በመዳፏ ደግፋ ይዛለች። እሷንም የሚያማት እዚያው ቦታ ነው።

ሁለቱ የወንድማማቾች ሚስቶች ናቸው፤ ሰልሚያ የታላቁ የሀቢቡ፣ ባሂራ የታናሹ የሙባሪክ። ሰልሚያ እዚያው መስቃን ገጠር ተወልዳ ያደገች፣ እንሴኖ ገበያ ዛላ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። በገዛ ቋንቋዋ ስትከራከር የሚረታት ነጋዴ የለም። አማርኛ ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ባሂራ ደግሞ ያደገችው መርካቶ፣ አጎቷ ሱቅ ውስጥ ነው። ሙባሪክ አግብቶ ካመጣት ጀምሮ ቀበሌ የሚያስኬድ ጉዳይ ሲኖር፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ፣ "ባሂራ ትሂድ" ይባላል። ታላቅ ምራት ሰልሚያ ሆና ሳለ የሚጠራው የባሂራ ስም ነው። ይህ ነገር ሰልሚያን ውስጥ ውስጡን ሲበላት ኖሯል።

"ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለኝ" ትላለች ባሂራ። "እኔም፣ 'ጨጓራ ከሆነ መድኃኒቱን ጨርሼ ለምን አልተሻለኝም? በመሣሪያ ይታይልኝ' አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና አልትራሳውንድ አዘዘልኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ። አማታቸው ወይዘሮ ጠይባ "አፍ ያለው ሰው እንዲህ ነው፤ አልሃምዱሊላህ" አሉ።

ሰልሚያ አልሳቀችም። እሷን ሕመሙ ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል፤ ባሂራን የጀመራት ገና በዚህ ክረምት ነው። ሰልሚያ ቅቤ የበዛበት ምግብ በበላች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ስር ጨምድዶ ይይዛትና ወደ ትከሻዋ ወጥቶ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ሀቢቡ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ወስዷት ነበር። ሐኪሙ "ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ሲል የመለሰው ሀቢቡ ነው።

"ሆዷን ነው።"

"ያቃጥልሻል?"

"አዎ፣ ያቃጥላታል" አለ ሀቢቡ።

አያቃጥላትም ነበር። ግን ሁለት ወንዶች ተነጋግረው ከጨረሱ በኋላ ጣልቃ መግባት ነውር መሰላት። የጨጓራ መድኃኒት ይዛ፣ አመስግና ወጣች። ሌላ ጊዜም ሄዱ፤ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው መድኃኒት። አሁን ደግሞ ትናንት የታመመችው ባሂራ ድና ተኝታ፣ ሰልሚያ ለዓመታት በተሸከመችው ሕመም መንደሩ እሷን ይጠይቃል።

ጠያቂዎቹ ሲበተኑ ባሂራ ጠራቻት። "ሰልሚያ፣ አንቺም ጎንሽን ትይዣለሽ እኮ። ትንሽ ልጠንክርና አብሬሽ ልሂድ፤ እኔ እነግርልሻለሁ።"

"ደህና ነኝ። እኔን ምንም አላመመኝ" አለች ሰልሚያ። ባዶውን ቴርሞስ አንስታ ሀቢቡ ወደሚጠብቃት ደጅ ወጣች። ደጅ ላይ ስትደርስ የባሂራ ቁስል ትንሽ ቢያመረቅዝ ብላ ተመኘች። ወዲያው ደነገጠችና "አስተግፊሩላህ" አለች፤ ምኞቱ ግን ቶሎ አልለቀቃትም።

ለአረፋ በሬ ታረደ፤ ክትፎው በቅቤ ርሶ ቀረበ። ሰልሚያ ሰው ፊት "ለምን አትበይም?" ላለመባል በላች። ከቀትር በኋላ ከወገቧ ታጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ላብ አጠመቃት።

ሀቢቡ ተጨንቆ አጠገቧ ተንበረከከ። "ነገ ቡታጅራ እንሄዳለን። ባሂራንም እንውሰዳት፣ እሷ አጣርታ ትናገርልሻለች።"

"ከእሷ ጋር ከምሄድ እዚሁ ልቅር" አለች።

ሀቢቡ ባሂራ ምን እንዳደረገቻት አልገባውም፤ ግን አልተከራከራትም። በማግስቱ ሁለቱ ብቻቸውን በሚኒባስ ቡታጅራ ገቡ፣ ካርድ አወጡ፣ ተራ ጠብቀው ገቡ። ዶክተር ፀጋ የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። ውጭ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ዓይኗ ደክሟል።

"ምን ላግዛችሁ?"

"ሆዷን ነው። ጨጓራ አለባት ተብሎ መድኃኒት ስትወስድ ነበር፤ አልተዋትም" አለ ሀቢቡ።

ሐኪሟ የወሰደችውን መድኃኒት ስም ጠየቀች፤ ሀቢቡ መለሰ። ምግብ ላይ እንድትጠነቀቅ ነገረቻት፤ ጠንከር ያለ ሌላ መድኃኒት እንደምታዝላት፣ ካልተሻላት እንድትመለስም ተናግራ መጻፍ ጀመረች። ሰልሚያ "አላህ ይስጥልኝ" ብላ ተነሳች። ሀቢቡ በሩን ከፈተላት።

በሩ ላይ የባሂራ ፊት መጣባት። ነገ ቤት መጥታ "እንዴት ሆንሽ?" ስትላት፣ "ጨጓራ አሉኝ" ልትላት ነው። ባሂራም ታዝንላታለች። አማቷም "ምነው ባሂራን ይዛ በሄደች ኖሮ" ይላሉ። ከሕመሙ ይልቅ ያ ሐዘኔታ አንገበገባት። ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"ዶክተር፣ እኔ አልነገርኩም" አለች።

"ምኑን?" አለች ሐኪሟ።

ሀቢቡ "እኔ ነገርኳት እኮ…" ሲል ሰልሚያ ክንዱን ያዝ አደረገችው። "ሀቢቡ፣ የሚያመው እኔን ነው። እኔ ልናገር።"

ከዚያ ተናገረች። አማርኛዋ ተሰባበረ፤ 'ጎኔ'ን 'ወገቤ' አለችው። መሃል ላይ ቃል ሲጠፋት በመስቃንኛ ተናግራ በጣቷ አሳየች። እዚህ እንደሚጀምራት፣ ቅቤና ሥጋ ስትበላ እንደሚብስ፣ ጀርባዋን ዞሮ ትከሻዋ ላይ እንደሚወጣ፣ እንደማያቃጥላት፣ የጨጓራ መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ እንዳልረዳት። ፊቷ ሲግል ይሰማታል። ሐኪሟ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትሰማ ነበር።

"እስኪ እዚህ ጋደም በይ፣ እናቴ። አየር ሳቢ።"

ከጎድን አጥንቷ ስር ጫን ስታደርጋት ሰልሚያ ትንፋሿ ቀጥ አለ። ሐኪሟ እጇን አነሳች። "ይህን ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ" አለች ቀስ ብላ፤ አልትራሳውንድም አዘዘችላት። ጠጠር ተገኘ። የሐሞት ከረጢቷም አብጦ ነበርና ወደ ቤት አልመለሷትም፤ አስተኟት። ሰልሚያ የምርመራውን ወረቀት ስትቀበል መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን ደስታ ነው። እሷም አላት። ያውም የባሂራ አላበጠም ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። በሦስተኛው ቀን ባሂራ ገና ቀስ ብላ እየተራመደች፣ የበግ ሾርባ አስይዛ መጣች። ሰልሚያ ስታያት ጥርሷን ነከሰች። እዚህም መጣች፣ አሁን ለነርሶቹ ሁሉ ትናገርልኛለች ብላ።

ባሂራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ለሐኪሞቹ ማን ተናገረልሽ?" አለች።

"እኔ።"

"በአማርኛ?"

"በሁለቱም" አለች ሰልሚያ።

ባሂራ ፈገግ አለች። ዓይኗ ግን ወደ ኮሪደሩ ሄደ፤ ሀቢቡ ጋቢውን አንጥፎ ግድግዳ ተደግፎ ተኝቷል። ነርሶቹ "የማይሄደው አስታማሚ" ይሉታል አለቻት ሰልሚያ።

"እኔ እዚህ ስተኛ ሙባሪክ ሱቁን ዘግቶ መምጣት አልሆነለትም" አለች ባሂራ። "የተናገርኩት እኮ ሌላ የሚናገርልኝ ስላልነበረ ነው፣ ሰልሚያ። ቤት ስመለስ አንቺ በሩ ጋ ተቀምጠሽ፣ ሀቢቡ ደጅ ሆኖ ሲጠብቅሽ አየሁ። ቀናሁብሽ፤ 'ታምሽ' ሳይሆን 'ቶሎ ትሂድልኝ' ነው ያልኩት በሆዴ።"

 ሰልሚያን መጀመሪያ ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ደስታ ሰው ፊት አይወራም። ቀጥሎ ባሂራ ብቻዋን፣ ሐኪም ፊት ቆማ "በመሣሪያ ይታይልኝ" ስትል ታያት፤ ያኔ ሳቅ ያስነሳው ወሬ አሁን ሌላ ሆነባት።

"ቁስልሽ ያሳክክሻል?" አለቻት።

"ማታ ማታ።"

"የእኔም ጀምሮታል" አለች ሰልሚያ፣ ሾርባውንም ተቀበለቻት።

ለቀጠሮ ሲመለሱ በአንድ ሚኒባስ ሄዱ፤ በመስኮቱ በኩል ማን ይቀመጥ በሚል እስከ ቡታጅራ ድረስ ተኳረፉ። ሀቢቡ መሃላቸው ተቀመጠ።