አይብ የሌለው ፒዛ

ከዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ የነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ሽታ ሲመጣ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የነበረችው ጠባብ አፓርትመንታችን ትታወሰኛለች። አባቴ ፒዛ ቤት ይሠራ ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ትኩስ ካርቶን ይዞ ገባ። እናቴ ሆቴል ስታጸዳ ውላ ገና ጫማዋን አላወለቀችም።

“ጾም መሆኑን ረሳኸው?” አለችው።

“አይብ የለውም። የጣሊያን ናፖሊ ሰዎች ድሮም እንዲህ ይጋግሩታል፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ። ማሪናራ ይሉታል።”

“እጅህስ? አይብ ሲነካ አይደል የዋለው?”

“ሦስቴ ታጥቤያለሁ። እኔማ ስቀምስ ስለምውል ጾሜን ገድፌያለሁ። ያንቺ እንኳ ይጠበቅ ብዬ ነው።”

ያኔ ነገሩ አልገባኝም። እናቴ ቆረሰችና መጀመሪያ እሱን አጎረሰችው።

አሁን እኔም ከትምህርት በኋላ እሠራለሁ። ቤት ስገባ ደክሞኝ ለራሴ እንኳ ሻይ ማፍላት ያቅተኛል፤ አባቴ ግን ያን ቀን ሲሠራ ውሎም የእናቴን ጾም አስቦ ነበር የመጣው።