ግራዋ ለመርማሪው እናት

አምቦ መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ከሚኒባስ ያስወረዱኝ በያዝኩት ከረጢት ምክንያት ነው። ወንጪ ዘመዶቼ ዘንድ አድርቄ የወቀጥኩት የግራዋ ቅጠል ነበረበት፤ አብሮትም ቅጠሉን የምዘፈዝፍበት ሜታኖል የሚባል አልኮል ጠርሙስ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ነው። ወታደሩ ጠርሙሱን አሸተተና «ምን ልታቃጥልበት ነው?» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እንደማስተምር፣ ከቅጠሉ ንጥረ ነገር እንደማወጣ ነገርኩት። አልሰማኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር አሉ። አምቦ መሃል ነው፤ የባጃጁ ጡሩምባ ይሰማናል፣ መንገዱ ግን አይታየንም። መስኮት የለውም። ቀን ቆርቆሮው ሲግል የምንጸዳዳበት ባልዲ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። የምንተኛው በጎን ነው፤ አንዱ መገላበጥ ሲፈልግ ሁላችንም አብረን እንገላበጣለን። አጠገቤ የነበሩት የስልጤ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ፣ ፎጣቸውን ዘርግተው ግማሹን ለቀቁልኝ።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ስለ ጓደኞቼ፣ ስለ ስልኬ ሲጠይቀኝ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ግን ስለ ቅጠሉ ብቻ ጠየቀኝ።

«ቃልህን ስትሰጥ ቅጠሉ ካንሰርን ይገድላል ብለሃል።»

«ቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሕዋስ እንዳይባዛ ያደርጋል ነው ያልኩት። ያውም ነጥለን ያወጣነው ንጥረ ነገር። ሰው ላይ አልተሞከረም።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እናቴን ጡቷ ላይ ነው የያዛት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሕክምና ጀምራ ነበር፤ ጸጉሯ ሲረግፍ ተወችው። አንተ አዘጋጅተህ ስጠኝ። ነገ ትወጣለህ።»

ነገ። ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር።

ክፍሉ ስመለስ አወራኋቸው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሳቀብኝ። «ኢቢቻ እኮ ነው! በሁሉም ጓሮ ያለ ግራዋ! ቀቅለህ ስጠውና ውጣ።»

ሐጂ አልሳቁም። «ብትጠጣው ትድናለች?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«የሐኪሙን ትታ ነው የምትጠጣው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። የቀረውን ለእኔ ተዉልኝ፤ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው።

በማግስቱ መርማሪውን «አልችልም» አልኩት። «የምሰጥዎት የተቀቀለ ቅጠል ነው። መድኃኒት ነው ካልኳት ወደ ሐኪም አትመለስም። እባክዎ ይለምኗትና ይመልሷት።»

«የታሰርከው አንተ ነህ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

ጠባቂውን ጠራ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ እኔ እቀር ነበር። በሩ ሲዘጋ ከሥሩ በምትገባው ቀጭን ብርሃን ላይ ዓይኔን ተክዬ እቀመጣለሁ። የቅጠሉ ጭማቂ ሐምራዊውን የመመርመሪያ ፈሳሽ ቀስ እያለ ወደ ቢጫ ሲለውጠው በሐሳቤ አየዋለሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙም የማልደነቅበት ነገር ነበር። እዚያ ግን ሌላ ቀለም አልነበረኝም።

ሴት ልጄ መወለዷን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። ምግብ ሲያመጣላቸው በር ላይ ቤተሰቤን ካገኘው ዘመዳቸው ሰምተው ጆሮዬ ላይ «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው ቆዩ።

ብዙ ቆይቶ መርማሪው አስጠራኝ። ጸጉሩን ተላጭቷል፣ ጥቁር ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አልነበረም።

«ሐኪም ዘንድ መልሼያት ነበር» አለ። «ዘግይታለች አሉኝ።»

ሳይታዘዙ መነሳት ክልክል ነው። ተነሳሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። እስከዚያ ቀን አንተ ብዬው አላውቅም።

አንገቱን ደፋ። ተቀመጥም፣ ውጣም አላለኝም።

ስፈታ ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም፤ ለምን እንደተፈታሁም። ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔም ያንኑ ቅጠል አጠናለሁ፤ አንድ ቀን ለሰው ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች እየደወሉ መድኃኒቱን ይለምኑኛል። ገና ነው፣ ሕክምናችሁን አታቋርጡ እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል።

ከተፈታሁ ወዲህ ቤተ ሙከራ ስሠራ በሩን ዘግቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ ለኬሚካሉ ሽታ ይመስላቸዋል። አላርማቸውም።