እኔ ቤት አይለቀስም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ ነው። ሁሉም ነገር ያለቀው በአፍታ ነው። ግን ማሳ ላይም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዛሬም ይመጣብኛል።

ወንድሜና ሚስቱ በአንድ ክረምት ታመው አረፉ። ልጃቸውን ስንዱን ዘንገና ወዳለው ቤቴ አመጣኋት። ቤቴ ሥርዓት አለው። በጊዜ መነሳት፣ መሥራት፣ ማጥናት። እኔም የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁት በዚሁ ሥርዓት ነው።

የእናቷ እኅት ሙሉ ጫግኒ ውስጥ እህል ትነግዳለች። እሷም ልጅቷን ካልወሰድሁ አለች። ሽማግሌ ሊያስማማን አልቻለም። አሳዳሪ የሚሾመው ፍርድ ቤት ነው ተባልንና እንጅባራ ሄድን።

ምስክር የቆጠርሁት ጎረቤቴን ይርሳውን ነበር። ግቢ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ፣ «አይዞህ፤ አንተ ጋ ያደገ ልጅ ካልመነኰሰ ወታደር ይሆናል እላቸዋለሁ» ብሎ ሙሉን ሳይቀር አሳቃት። ሲገባ ግን በደንብ መሰከረልኝ። አይጠጣም፣ አይዋሽም፣ የሰው ድንበር አይገፋም አለ።

ዳኛዋ ስንዱን አስጠጓት።

«የኔ ልጅ፣ ማን ጋ መኖር ትፈልጊያለሽ?»

«አክስቴ ጋ።»

«አጎትሽ ይመቱሻል?»

«ኧረ ጋሼ አይመቱም። እሳቸው ቤት ግን አይለቀስም።»

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ወንድሜን ቀብሬ ስመለስ አላለቀስሁም። ልጅቷ ስታለቅስም፣ «ለቅሶ ሙት አይመልስም፤ በቃ!» ብያታለሁ። ይርሳው መሬት መሬት ያያል። ሐሰት ነው ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ግን ልጆቼን ከውሸት ስከለክል የኖርሁ ሰው ነኝ።

«እውነት ነው» አልሁ።

ልጅቷን ማሳደጉም፣ የአባቷን መሬት መጠበቁም ለሙሉ ተሰጠ።

ደጅ ላይ ስንዱ ጉልበቴን ሳመች። ከዚያ አክስቷ ነጠላ ውስጥ ገብታ ጮኻ አለቀሰች። የጫግኒው ሚኒባስ እስኪሄድ ቆሜ አየሁ። ምንም አልተሰማኝም።

እውነት የተናገረ ሰው ቀለል ይለዋል እያልሁ ልጆቼን እመክር ነበር። እኔን አልቀለለኝም፤ አልከበደኝምም። ለቅሶ ሙት እንደማይመልስ አሁንም አምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ደጅ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ደማ። ቀና ብላ አየችኝና ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። «አልቅሺ» ልላት አፌን ከፈትሁ። አልወጣልኝም። ደሙን ጠረግሁላት።