የፊታውራሪ ሞተር ብስክሌት ሦስተኛ ጥገና

የባለማዕረግ ሰው ገበና ማውጣት ነውር መሆኑን እያወቅሁ ይህን በመጻፌ፣ አስቀድሜ እጅ ነስቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እዚህ ዲላ ሞተር ብስክሌት እጠግናለሁ። አንድ ቀን ከተማው የሚፈራቸው ፊታውራሪ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን አሮጌ ሞተር ብስክሌት በአሽከሮቻቸው አስገፍተው መጡ። ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለየው ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል። ለወጥሁላቸው። በሳምንቱ አዲሱንም አቃጥለው ተመለሱ፤ አሁንም ለወጥሁ።

በሦስተኛው ግን፣ «አንተ ሌባ! ዛሬ ካልተበጀ ማደሪያህ ወህኒ ቤት ነው» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እስኪ ሲነዱት ልይ» አልሁ።

ወጡበት። አንዱ አሽከር መሪውን እንደ በቅሎ ልጓም ያዘ። ሁለቱ ግራና ቀኝ፣ ጠመንጃ ያዡ ደግሞ ከኋላ ሆነው በእግር እርምጃ ወደ ገበያው አመራን። ፊታውራሪ እንዳይፈጥንባቸው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ጨብጠው ይዘውታል፤ እሱም ይጨሳል። ከዱመርሶ መንደር ቡና የጫኑ አህዮች ቀደሙን።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉ እኮ አይቃጠልም» አልሁ።

«አጃቢዎቼን ጥዬ? እኔን እንደ ተላላኪ ብቻዬን ሩጥ ትለኛለህ?»

ወህኒ ቤቱ በዓይኔ ዞረ። «እንግዲያው በሽታው ገብቶኛል» ብዬ ወደ ሱቄ መለስኋቸውና፣ ሞተሩን እንዳለ ፈትቼ መሬት ላይ አኖርሁት። ባዶውን ብስክሌት አሽከሮቹ እየገፉ ፊታውራሪን ገበያውን ሁለት ጊዜ አዞሯቸው። ጢስ የለ፣ ጩኸት የለ። ሲመለሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ምነው ይህን ሙያህን እስከ ዛሬ ደበቅኸው?» አሉኝ።

አደራ፣ ለማንም እንዳታወሩ። ሌሎቹ መኳንንት ከሰሙ መኪናቸውን ሁሉ ይዘው ይመጡብኛል፤ እኔ ደግሞ የሞተር ማስቀመጫ ቦታ የለኝም።