ሰባት ቁጥር ማነው?

መምህር ጥዑመልሳን ጋምቤላ ከተማ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ሲበዛ ፈሪ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሲጠራው እንኳ ድምፁ ይርበተበታል። ከፍርሃቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ወፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ባሮ ዳር ወርዶ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን መቲ ላለው የጤና ረዳት፣ ለያዕቆብ ይጽፋል። ያዕቆብም ከመቲ ጫካ ያየውን ይልክለታል። ስድስት ዓመት ሲጻጻፉ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ ለእያንዳንዱ ወፍ ቁጥር አውጥተውለታል። የትኛው ቁጥር የትኛው ወፍ እንደሆነ የተጻፈው በሁለት ደብተር ብቻ ነው፤ አንዱ ጋምቤላ፣ አንዱ መቲ።

በ1988 ኅዳር ላይ ጥዑመልሳን ለሥራ ድንበር ላይ ካለችው ማታር ደርሶ ተመለሰና እንዲህ ጻፈ፦ “ሰባት ቁጥሮች ከሱዳን በኩል ተሻገሩ። አርባ ናቸው። ማታር ወንዝ ዳር ሰፍረዋል። ሠላሳ አንድ ቁጥር ግን ገና አልመጣም።” ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ድንበሩ በስጋት ይጠበቃል። ሰውዬው እንደሆነ ወፍ ሲያይ ሌላ ነገር መች ይታየዋል!

በማግስቱ ደብዳቤውን የያዘው ሹፌር ሱሩር እያለከለከ መጣ።

“መምህር፣ ኬላ ላይ ከፍተው አነበቡት። ማን ጻፈው ሲሉኝ ምን ላድርግ፣ ስምህን ነገርኳቸው። ለያዕቆብም እንዲጠነቀቅ በሌላ መኪና ልኬበታለሁ።”

ጥዑመልሳን ወደ ቤቱ ሮጠ። ሰላይ ነው ብለው ቢገድሉኝስ? በሩን ዘግቶ ደብተሩን አወጣ፤ መቶ አሥራ ሁለት ወፍ። ገጹን እየገነጠለ ከሰሉ ላይ ጨመረው። ያዕቆብ ትዝ ሳይለው ቀርቶ አይደለም። ትዝ ብሎታል፤ ግን ፈራ።

በሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። መቶ አለቃ ኩዌት ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

“መምህር፣ ሰባት ቁጥር ማነው?”

“አባ ኮዳ ነው ጌታዬ። ሁሉም ወፎች ናቸው።”

“እሺ። የወፎች ስም የተጻፈበት አምጣ።”

“አቃጠልኩት።”

“ለምን?”

“ፈርቼ።”

መቶ አለቃው አፍጥጦ አየው። “እኔ ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ወፍ ሰው አያስፈራም።”

ጥዑመልሳን ምስክሩን በገዛ እጁ እንዳቃጠለ የገባው ያኔ ነው።

በሩ ተንኳኳና አንድ አጭር፣ አቧራ የለበሰ ሰው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ማንም አልጠራውም። የሱሩር መልእክት ደርሶት በቡና መኪና ሦስት ቀን ተጉዞ መምጣቱ ነው።

“ያዕቆብ እባላለሁ፣ ከመቲ። ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ ነው፤ እኔንም ጠይቁኝ” አለ። ፈራ ተባ እያለም ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

መቶ አለቃው ደብተሩን እየገለጠ ሰባት ቁጥር ላይ ደረሰ። መላጣው ራስ፣ ከአንገት የተንጠለጠለው ከረጢት፣ ሁሉም በእርሳስ ተሥሏል።

“ይሄንንማ አውቃለሁ፤ ከብት የሚታረድበት ይቆማል። ከእንግዲህ ስሙን ጻፉ። ሂዱ!”

ደጅ ሲወጡ ያዕቆብ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

“የእኔን ቢወስዱብኝም ያንተ አለ ብዬ ነው የደፈርኩት። ለመሆኑ ደብተርህን የት ደበቅከው?”

ጥዑመልሳን ከኬላውም ከመቶ አለቃውም ይልቅ ይህን ጥያቄ ፈራ።