ከውኃው እስካልወጡ ድረስ

ጉማሬ እበቱን የሚበትነው ጅራቱን እያወናጨፈ ነው። ስንት ጊዜ ጸጉሬ ላይ፣ አንዳንዴም አፌ ውስጥ ገብቶብኛል፤ እፍ! እሱስ ታጥቤው ለቀቀኝ። እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ የሰው ነው።

ውጭ አገር የተማርኩት የዓሣ አንበሪን ድምፅ ነበር፤ እናት ልጇን በምን እንደምትጠራ፣ ልጅ በምን እንደሚመልስላት። አገሬ ስገባ ባሕር ከየት ይምጣ? ከየብስ እንስሳ ለዓሣ አንበሪ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው። ስለዚህ ፎገራ፣ ከአባቴ የሩዝ ማሳ ታች፣ ጣና ውስጥ የድምፅ መቅጃዬን ዘፈቅሁ። አባቴ ሰምቶ፣ "ይኸን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ሩዜን ለሚበላው ጉማሬ ነው? በይ እንግዲያ፣ ማሳዬን ተው በይልኝ" አለኝ።

አልኩለትም። ድምፅ ማጉያ ከማሳው ጫፍ ተክዬ የባዕድ ወንድ ጉማሬ ጩኸት ስለቅባቸው ወደ ውኃው ይመለሱ ጀመር፤ ሩዙም ተረፈ። ገበሬዎቹ የነፍስ አባታችን ባሉበት ቃል ገቡልኝ፤ ከውኃው እስካልወጡ ድረስ ጦር አይወረወርባቸውም። ወጥተው ማሳ ከገቡ ግን የገደለ አይጠየቅም። ያን ቃል እግራቸው ላይ ወድቄ የለመንኳቸው ይበልጡን ለአንዲት ጉማሬ ስል ነበር። ገና የሚጠባ ልጅ ነበራት።

ነሐሴ ላይ ጥናቱን የሚያሠራኝ አለቃዬ እንግዶች በመኪና ጭኖ ከወረታ መጣ። እንግዶቹ ጭቃውን እየተጸየፉ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ "መቼ ነው የሚወጡት?" ይላሉ። አለቃዬ ወደኔ ዞረና፣ "የቀረጽሽውን የልጁን ድምፅ ልቀቂላቸው፤ እናቲቱ ትወጣለች" አለኝ።

"አይሆንም፤ ሰው አረም ላይ ነው። ማሳ ከገባች ይገድሏታል።"

"ኤዲያ፣ አንቺ ደግሞ! አንዴ ፎቶ ያንሷትና ትመለሳለች።"

"እባክዎ፣ ከሰው ጋር ቃል አለብኝ።"

"የምን ቃል?" ብሎ ሳቀ፤ ማጉያውን የማዝበትን ስልክ ከእጄ ነጥቆ ለቀቀው።

ልጇ ውኃው ውስጥ በበቀለው ደንገል መሀል ተኝቶ ነበር፤ እሷ ግን ከማሳው ጫፍ ሲጣራ ሰማችው። ውኃውን ሰንጥቃ ወጥታ ወደ ማሳው ሮጠች። አረም ላይ የነበሩት ሴቶች ጮኹ። የመጀመሪያውን ጦር የወረወረው አባቴ ነው።

እሷ ወድቃም ማጉያው አልጠፋም። ደሟ እየፈሰሰ ጆሮዋን ወደሱ ታዞራለች። አለቃዬ የራሱን ስልክ ደግኖ ይቀርጻታል። "አየሽ፣ ምን የመሰለ ምላሽ!" አለኝ። ቱ! ሰው በቁሙ እንዲህ ይከረፋል? ስልኬን መንጭቄ አጠፋሁት።

"ከውኃው ወጣችብን፤ ቃላችንን አልበላንም" አለኝ አባቴ፣ ዓይኔን ሳያይ። እውነቱን ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ የኛው ዘንዶ ግን በመኪና ነው የመጣው። ሲሄድም ባዶ እጁን አልሄደም፤ አለንጋ ይሆነኛል ብሎ ከቆዳዋ አስቀድዶ ጭኖ ሄደ።

ጉማሬ በኛ ዘንድ አይበላምና እዚያው ሸተተች። አለቃዬ ደወለ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ አነሳሁት፤ ሞኝ!

"የልጁን ለቅሶ እየቀረጽሽ ነው? ከዚያ የእናቲቱን ድምፅ አሰሚውና ምን እንደሚያደርግ እንይ። እንዲህ ያለ ቅጂ ማንም የለውም።"

"አንተ ሰው፣ ትንሽ አታፍርም?" አልኩና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

መቅጃዬን ነቅዬ ልሄድ ወደ ዳርቻው ወረድኩ፤ አባቴ ተከተለኝ። ልጁ ደንገሉ ውስጥ ሆኖ ይጣራል፤ ዝም ይልና ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይጣራል። አባቴ ጋቢውን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ ቆሞ ሲሰማው ቆየ።

"ልጄ፣ ያ የሚጮኸው ሣጥንሽ የእናቱ ድምፅ አለበት አይደል? እስቲ ትንሽ አሰሚው፤ አንጀቴን በላው።"

"ካሰማሁትማ ከውኃው ይወጣል፣ አባባ።"

አባቴ ወደ ማሳው ዞሮ አየ። ሰዎቹ አረም ላይ ናቸው፤ ጦሮቹ ድንበሩ ላይ ተተክለዋል።