ለአይጥ የመጣው ብልቃጥ

ዛሬ አሶሳ መንገድ ላይ አምስት ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ከበቡኝ።

ጥፋቱ የሳጥኑ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራችን ወራት የጠበቅነውን አንድ ብልቃጥ አንቲቦዲ፣ ማለትም ፕሮቲን መለያ ፈሳሽ፣ ከመናኸሪያ ያመጣሁት ከጤና ጣቢያ በተዋስኩት የክትባት ሳጥን ነበር። ባጃጁ ተበላሽቶ በእግሬ ስገሰግስ፣ እናቶች የፖሊዮ ዘመቻ መስሏቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

የሳጥኑ በረዶ እየቀለጠ ነው፤ እኔም ላብ በላብ ሆኛለሁ። «እናቶቼ፣ ይሄ ጠብታ አይደለም! በአይጥ ሴል ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን መኖሩን የምናይበት ነው።»

አንዷ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። «ለአይጥ ነው?»

«አዎ!» አልኩ፣ የተገላገልኩ መስሎኝ።

«ታዲያ ግባ ዶክተር! እኛ ቤት አይጥ ሞልቷል።»

(ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማስረዳት ነው፤ መምህር ነኝ።)

ብልቃጡ በሰላም ፍሪጅ ገብቷል። እኔ ግን ቅዳሜ ወጥመድ ይዤ እንድመጣ ቃል አስገብተውኛል።

እናንተስ ሥራችሁን ለማስረዳት ሞክራችሁ ምን ሥራ ተሰጣችሁ?